ሲሙሌሽኑ የከባቢ ጨረሩን ከየት አመጣው?

ብርቅ የኒውክሌር ፍርሰትን ለመፈለግ የሚታቀድ ሙከራ ገና አንድ ብሎን ሳይታሰርለት «እስከ ስንት ዓመት የሚደርስ ግማሽ ዕድሜ ሊያሳየን ይችላል?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። መልሱ በሲሙሌሽን ይሰላል። ለዚህ የሚያገለግለው ጂያንት ፎር የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ በመሆኑ፣ በጋምቤላ ከተማ የሚኖር የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጀርማኒየም መመርመሪያም ሆነ የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ባይኖረው እንኳ በመስኩ ሊሳተፍ ይችላል። ይህን ዓይነቱን ጥናት የትምህርት ክፍሎች ሊቀበሉት ይገባል እላለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ፦ የከባቢ ጨረሩ ቁጥር ከልኬት የመጣ ይሁን።

ሲሙሌሽን በደንብ የሚያሰላው ነገር አለ፤ አንድ የጋማ ጨረር ጉልበቱን በሙሉ በክሪስታሉ ውስጥ ጥሎ የመቅረት ዕድሉን። በመዳቡ፣ በእርሳሱና በሽቦዎቹ ውስጥ ስንት ዩራኒየምና ቶሪየም እንዳለ ግን አያውቅም፤ የነገሩትን ይደግማል። ትብነትን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ነው። የከባቢ ቆጠራ ከሌለ ትብነት ከክብደትና ከጊዜ ብዜት ጋር እኩል ያድጋል፤ ካለ የሚያድገው በስኩዌር ሩቱ ብቻ ነውና አራት እጥፍ የለፋ ሁለት እጥፍ ያገኛል። ከሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረበው ቀመር መሠረት ከባቢው ዜሮ ሲሆን የመለያው ወሰን 2.71 ቆጠራ ነው፤ ከባቢው 100 ሲሆን 49 ገደማ ይደርሳል።

በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የተካሄደውን የጌርዳ ሙከራ እንመልከት። የጀርማኒየም 76 ኒውትሪኖ አልባ ድርብ ቤታ ፍርሰት ምልክት የሚጠበቀው በ2039 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከታሊየም 208 የሚወጣው የ2615 ጋማ ጉልበቱን በከፊል ጥሎ ሲያመልጥ እዚያው ሊያርፍ ይችላል። ጌርዳ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳወቀው የግማሽ ዕድሜ ዝቅተኛ ወሰን 1.8 × 10²⁶ ዓመት ሲሆን፣ አስቀድሞ የሚጠበቀው ማዕከላዊ ትብነትም ያው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳተም የሙያ ጨዋነት ነው፤ ቆጠራው በዕድል ዝቅ ያለለት ሙከራ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ወሰን ሊያወጣ ይችላልና።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ቦታም ራሱ ቁጥር ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ይገኛሉ። በአየሩ ውፍረት ልዩነት ብቻ ሳሰላው፣ ኮስሚክ ጨረር የሚያመነጫቸው ፈጣን ኒውትሮኖች አዲስ አበባ ላይ ከጋምቤላ በግምት አራት እጥፍ ይበልጣሉ። በባሕር ወለል ከተሠራ ሰንጠረዥ የተቀዳ ግቤት አዲስ አበባን ክፉኛ ያሳስታል፤ ጋምቤላ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። በባሮ ዳር አፈር ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40ና ቶሪየም ግን ከማንም ሰንጠረዥ አይቀዳም። ናሙናው ይታሸግ፤ ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን የሆነው ራዶን 222 ከራዲየም ጋር ሚዛን እስኪደርስ አንድ ወር ያህል ይቆይ፤ ከዚያም መመርመሪያ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላክ። ውጤቱ የጉድጓድ ውኃንና የመኖሪያ ቤት ራዶንን ለሚያጠናው ባልደረባም ያገለግላል።

ልኬቱ ፈጽሞ ካልተቻለ፣ ተማሪው የከባቢውን ግምት አሥር እጥፍ ከፍና ዝቅ አድርጎ ትብነቱ ከየት እስከ የት እንደሚዋዥቅ በሥዕል ያሳይ። አንድ ነጠላ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣውን ጽሑፍ ፈታኞች መልሰው ሊልኩት ይገባል።