የመሐል ከተማ ልማት፦ ከዶዘሩ በፊት ውሉ ይታይ



የከተሞቻችን እምብርት መልማት አለበት። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለንም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ በቂ ጥገና ያላገኙ የቀበሌ ቤቶችን፣ መጸዳጃ የሌላቸውን ግቢዎች፣ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገቡ መተላለፊያዎችን ይዘን «አይነካብን» የምንል ፓርቲ አይደለንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የሚለማው ለማን ነው? በምን ውል? ነዋሪውስ ከውሉ ምን ያገኛል?

እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ፣ በኮሪደር ልማት ሰፊ የማፍረስ ሥራ ተካሂዷል። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተሸጋግሯል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በመሐል ከተማ ጉሊት ቸርችሮ፣ ጫማ ጠግኖ፣ ሻይ ቤት ከፍቶ የሚያድር ሰው ወደ ዳር ሲዛወር ቤት ቢያገኝ እንኳ ደንበኛውን አያገኝም። ዕድሩ ይበተናል፤ ያቺው የዕለት ገቢው ለታክሲ ታልቃለች። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ በካሳ መዝገብ ላይ ስሙ ለመስፈሩም ዋስትና የለውም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ ብለን እናምናለን። ይኸውም በመንግሥትና በግል አጋርነት የሚገነባ ቅይጥ አገልግሎት ያለው መሐል ከተማ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላዩ ቢሮ፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ ማለት ነው። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የድሮዎቹ የፒያሳና የሐረር የነጋዴ ቤቶች ከታች መደብር፣ ከላይ መኖሪያ ነበሩ። በቅርቡም በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር ፕሮጀክት መኖሪያን፣ ንግድንና ሆቴልን በአንድ ሥፍራ የሚያጣምር ተብሎ ነው ለሕዝብ የቀረበው።

በዚህ ዓይነቱ አጋርነት ባለሀብቱ ገንዘቡንና ሙያውን ያመጣል፤ ከተማው መሬቱን ያቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እንግዲያው ሕዝቡ ወደ ውሉ የሚገባው እንደ ተመጽዋች ሳይሆን እንደ ባለ ድርሻ ነው። ድርሻው ግን ካልተገመተ ባለ ድርሻነቱ ባዶ ስም ነው። በአዲስ አበባ «70/30» እየተባለ የሚጠራው የቤት ልማት አሠራር ለባለሀብቱ 70፣ ለከተማው 30 ይላል። 30 ከመቶ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የመሬቱ ዋጋና የግንባታው ወጪ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ማንም ሊመልሰው አይችልም። በመሐል ከተማ ያለ አንድ ካሬ ሜትርና በዳርቻ ያለ አንድ ካሬ ሜትር በእኩል ድርሻ ከተሰጡ አንዱ ወገን ያላግባብ ይበለጽጋል።

የሕግ እጥረት የለብንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በሚነካቸው ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸውን እንዲጠየቁ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኙ ይደነግጋል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ፕሮጀክቶች አስቀድሞ እንዲጠኑና ግልጽ ውድድር መርሁ እንዲሆን አድርጎ የወጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ ሰጥቷቸዋል። የጠፋው ሕጉን የሚያከብር አስተዳደር ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው።

በመሆኑም ብትመርጡን በምናስተዳድራቸው ከተሞች የሚከተሉትን እንፈጽማለን።

1. የመሐል ከተማ ልማት ውል ከመፈረሙ በፊት የመሬቱ ግምት፣ የድርሻ ክፍፍሉና ረቂቅ ውሉ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፤ በየወረዳው ውይይት ይደረግበታል።

2. አልሚው በግልጽ ጨረታ ይመረጣል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያስይዛል። በውሉ ጊዜ ካልገነባ መሬቱ ለከተማው ይመለሳል። በቆርቆሮ ታጥሮ ዓመታት የሚቆጥር ቦታ አይኖርም።

3. ግንባታው በምዕራፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው ሕንፃ ለነባር ነዋሪዎች ይሠራል፤ የሚቀጥለው ሠፈር የሚፈርሰው እነሱ ከገቡ በኋላ ነው።

4. ከምድር ቤት ሱቆች የተወሰነው ለነባር አነስተኛ ነጋዴዎች በተመጣጣኝ ኪራይ ይያዛል፤ ይህም በውሉ ውስጥ ይጻፋል።

5. የቀበሌ ቤት ተከራይም ሆነ የግለሰብ ተከራይ በነዋሪነት ይመዘገባል፤ ቅሬታው በገለልተኛ አካል ሳይታይ ቤቱ አይነካም።

«ይህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ባለሀብቱን ያሸሻል» የሚሉን አሉ። እኛ ግን ባለሀብትን የሚያሸሸው የማይታወቅ ነገር ነው እንላለን። በጨረታ ሰነዱ ላይ የተጻፈን ግዴታ ነጋዴ በዋጋው ውስጥ ያሰላዋል። ሊያሰላው የማይችለው ነገ የሚቀየር መመሪያን፣ ካሳ ያልተከፈለው ነዋሪ የሚያነሳውን ክስና ሹም በተለወጠ ቁጥር የሚታጠፍ ቃልን ነው። እርግጥ ነው፣ ነባር ነዋሪ ሲመለስና ሱቅ ሲያዝ ከተማው በገንዘብ የሚያገኘው ድርሻ ይቀንሳል። ይህን አንሸሽግም። ከተማው የተመሠረተው ግን ሰዎች እንዲኖሩበት ነው።

ውድ መራጮች፣ በየሠፈራችሁ ለቅስቀሳ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ውሉን ከመፈረምህ በፊት ታሳየናለህ?» በሥዕል ብቻ የሚያሳያችሁን ትታችሁ ውሉን ለሚያሳያችሁ ድምፃችሁን ስጡ።