ጋዜጣ በምን ይኖራል?

ጋዜጣ ለመንግሥት አፍ፥ ለሕዝብም ጆሮ መሆኑ ዘወትር ይነገራል። ነገር ግን አካል ሁሉ ያለ ምግብ እንደማይቆም፥ ጋዜጣም ያለ ገንዘብ እንደማይቆም የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ቀድሞ መጽሐፍ የሚያጽፍ ሰው ብራናውንና ቀለሙን አቅርቦ፥ ለጸሓፊውም ቀለቡንና ደመወዙን ሰጥቶ ያስጽፍ ነበር፤ ወጪውም በሙሉ ከአንድ ሰው እጅ ይወጣ ነበር። የጋዜጣ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። አንባቢው የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ለወረቀትና ለኅትመት የሚወጣውን እንኳ አይሸፍንም፤ የጐደለውን የሚሞላው ለማስታወቂያ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ነጋዴውም ይህን የሚከፍለው ጋዜጣውን ስለ ወደደ ሳይሆን የአንባቢውን ብዛት ስላየ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሲያንስ ማስታወቂያ ይሸሻል፤ ማስታወቂያ ሲሸሽ ገጹ ይቀንሳል፥ ዋጋውም ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የቀረውም አንባቢ ይሄዳል።

ይህ መከራ በሀብታሞቹ አገሮች ደርሷል። የአሜሪካ ጋዜጦች ከማስታወቂያ ያገኙት የነበረው ገንዘብ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር፤ በ2020 ግን ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። ነጋዴው ማስታወቂያውን ወደ ኢንተርኔት ኩባንያዎች አዞረ። በዴንቨር ከተማ ይታተም የነበረው ሮኪ ማውንቴን ኒውስ 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው በ2009 ተዘጋ።

እነዚህ የነጋዴ ጋዜጦች ናቸው፤ የመንግሥት ጋዜጣን ይህ አይነካውም የሚል ሰው ቢኖር የቪየናን ከተማ ጋዜጣ ይመልከት። ቪነር ጻይቱንግ የተባለው ጋዜጣ በ1703 ተመሠረተ፤ በ1857ም ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ። 10 ንጉሠ ነገሥታትና 12 ፕሬዚዳንቶች ሲፈራረቁ አየ። በናዚዎች ዘመን በ1940 ቢቋረጥም በ1945 እንደ ገና ተነሣ። ጦርነት ያላጠፋውን ይህን ጋዜጣ ከየቀኑ ኅትመት ያወጣው የገቢ መድረቅ ነው። ይኸውም ኩባንያዎች ሕጋዊ ማስታወቂያቸውን ከፍለው በእርሱ ላይ እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸው ነበርና፥ የአገሩ ምክር ቤት በ2023 ይህን ግዴታ አነሣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን የመጨረሻው ዕለታዊ እትም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን በኢንተርኔት ቀጠለ። ሊዘጋ ነው በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው በአደባባይ ተቃወመ፤ ነገር ግን በሥራ ቀን የሚታተመው ቍጥር 20 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ሐዘንተኛው በዝቶ ገዢው አንሶ ተገኘ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያም ይጠቅማል። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው ብርሃንና ሰላም በጠላት ወረራ ምክንያት ቀረ፤ አዲስ ዘመን ደግሞ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ለጋዜጣ የሚሆነው ወረቀት ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። የጨረታና የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያም ለመንግሥት ጋዜጣ ትልቅ ድጋፍ ሆኖ ኖሯል። አሁን ግን የመንግሥት ግዥ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መካሄድ ጀምሯል። ይህ ለአገር የሚበጅ ሥራ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ነገር ግን በግዴታ በሚመጣ ማስታወቂያ ላይ ብቻ የተደገፈ ጋዜጣ ምርኩዙ የተወሰደ ዕለት እንደሚወድቅ ዛሬውኑ መታወቅ አለበት።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ሹም በመጀመሪያ ያወጣውን ማስታወቂያ ዋጋ በጊዜው ይክፈል። ከዚህም የሚበልጠው ለጋዜጣ ጸሓፊ እውነተኛውን ነገር መስጠቱ ነው። ገበሬው የማዳበሪያውን ነገር፥ ነጋዴው የግብሩን ደንብ፥ ከተሜውም ውሃው ስለ ምን እንደ ተቋረጠ ማወቅ ይፈልጋል። ስብሰባ መከፈቱንና እንግዳ መቀበሉን ብቻ የሚነግረውን ጋዜጣ ግን ማንም ከኪሱ አውጥቶ አይገዛውም። ጥፋትን መደበቅ ለሹሙ ለአንድ ቀን ዕረፍት ቢሆነው፥ ለጋዜጣው የአንባቢ ማጣት ይሆንበታል።

ፊደልን ጠብቀው ለትውልድ ያስተላለፉ ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደጀ ሰላም ሲሰበሰብ ጠቃሚውን ወሬ ከጋዜጣ ቢያነቡለት፥ ስሕተት ያገኙበትንም ለአዘጋጁ ጽፈው ቢያስታውቁ፥ አንባቢውም ይበዛል፥ ጋዜጣውም ይታረማል።

በወንጌል ከተነገረላቸው ከዐሥሩ ደናግል አምስቱ መብራት ይዘው ዘይት አልያዙም ነበር፤ በመንፈቀ ሌሊትም የሚያበድራቸው አላገኙም። የጋዜጣ ዘይቱ የአንባቢ እምነት ነው። እርሱም በዐዋጅ አይገኝም፤ በየቀኑ እውነትን በመጻፍ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል እንጂ። የሚጠራቀመውም ሙሽራው ሳይመጣ፥ ደጁም ሳይዘጋ ነው።