ስለ ትውልድ ቆጠራ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትውልድ መቁጠር የርስት ሙግት መሣሪያ ነበር፤ በአባቱም ሆነ በእናቱ ዘሩን ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የደረሰ ሰው የመሬት ድርሻ ይጠይቅበት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ሙግቱ ቀረ፤ ትምክሕቱ ግን አልቀረም። ዛሬም ደጃዝማቹን ቆጥሮ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን የሚዘል አለ። እኔ ይህን ሐሰት እለዋለሁ እንጂ ትውልድ ቆጠራ አልለውም።

ወጣቶች ሆይ! የቅድመ አያታችሁን ሕይወት ስትሹ ሽማግሎችንና ባልቴቶችን ጠይቃችሁ ሳይሞቱ ጻፉ። ከቤተ ክርስቲያን ብራና ላይ ስትፈልጉትም የክርስትና ስሙን ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን ሙታንን የምታስበው በዚያ ስም ነውና። ሸማኔ ሆኖ ቢገኝ አትሰርዙት፤ ደጃዝማቹን ያለበሰው እርሱ ነው።