ፒካዶንህን ቫን ላይ ከማፍሰስህ በፊት

 በእስራኤልም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም፣ በአሜሪካም ያላችሁ ዘመዶቼ፣  ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው።

ባለፈው ሰንበት ከጸሎት ቤት ስንወጣ የአክስቴ ልጅ እጄን ያዘኝ። ከጻባ ከወጣ አምስት ወሩ ነው። «አሒ፣ ፒካዶኑን አውጥቼ ቫን ልገዛ ነው። እንዳንተ የራሴ አለቃ ልሆን» አለኝ። በሰንበት ስለ ገንዘብ አይወራም ብዬ ዝም አሰኘሁት። እሑድ ማታ ግን ቤቴ ጠርቼው ቡና ተፈልቶ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። እሱን የነገርኩትን ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ ብዬ ነው፤ ምክንያቱም እንደሱ የሚያስቡ ልጆች በዙ። ከአምስት ወንዶች ልጆቻችን አንዱ ጋ ስትቀመጡ ወሬው ቫን ነው።

እኔ በሙያ ትምህርት ቤት መካኒክነት ተማርኩ፣ በጻባ ሹፌር ነበርኩ፣ ከዚያ በሙሳኽ አራት ዓመት ሠራሁ። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ሁለተኛ እጅ ቫን በብድር ገዝቼ በአስቸኳይ ጭነት ሥራ ዓጽማኢ ሆንኩ። ያን ጊዜ ጎንደር ያለችው አክስቴ ደውላ እልልታዋን አሰማችኝ። «መኪና ገዛህ አሉኝ ልጄ፣ እንግዲህ ሀብታም ሆንክ» አለች። እትዬ፣ መኪናዋ የባንኩ ነበረች፤ የእኔ የሆነው ዕዳው ብቻ ነበር። ይህን ግን በስልክ እንዴት ይነግሩታል? ዝም አልኩ።

ሥራው ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፋብሪካ ማሽኑ ይቆምበታል። መለዋወጫው በሌሊት በቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ይገባል። ፋብሪካው የማከፋፈያ መኪና እስኪሄድ ሁለት ቀን መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለአንዲት ሣጥን ወይም ለአንድ ሚሽታሕ ብሎ አንድ ቫን ይጠራል። ከዚያ ጭነህ ሌላ ቦታ ሳትቆም እዚያ ታደርሳለህ። የሚከፈልህ በጉዞ ነው። ቆመህ የጠበቅክበት ሰዓት በዋጋው ካልተጻፈ ማንም አይከፍልህም። ጥሩ ሥራ ነው፣ የተከበረ ሥራ ነው። በ3,500 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት ለሚወሰን መኪና ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ለልጆቻችን በሩ የተከፈተ የሚመስለውም ለዚህ ነው። መግባቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ መሰንበቱ ነው።

የአክስቴን ልጅ ወረቀትና እስክርቢቶ አስያዝኩት። «ከአሽዶድ ወደ ቂርያት ሽሞና 700 ሸቀል ቢሰጡህ ትሄዳለህ?» አልኩት። «እንዴታ!» አለ። እንቁጠር አልኩት። መንገዱ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባዶህን ስትመለስ 440 ይሆናል። ቫኑ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 44 ሊትር ናፍጣ ነው። ለሒሳቡ እንዲቀል ሊትሩን በ7 ሸቀል እናስበው፤ 308 ሸቀል። ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለፍሬን፣ ለኢንሹራንስና ለመኪናው ማርጀት በኪሎ ሜትር ግማሽ ሸቀል ብታስቀምጥ 220 ነው። የቀረህ 172 ሸቀል። ለመጫን አንድ ሰዓት፣ ለማራገፍ አንድ ሰዓት፣ መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት፤ በጠቅላላው ስምንት ሰዓት። በሰዓት 21 ሸቀል ተኩል ደረሰህ። የካቢሽ ሼሽን ክፍያ፣ ቢቱዋሕ ሌኡሚን፣ ማስ ሃክናሳንና ፔንሲያን ገና አልቆጠርንም። በአፕሪል 2025 የወጣው ዝቅተኛው ደመወዝ እንኳ በሰዓት 34 ሸቀል ከ32 አጎሮት ነበር። ልጁ እስክርቢቶውን አስቀመጠ።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ነበርኩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየሮጥኩ ሥራ የበዛልኝ ይመስለኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ገንዘብ ይገባል፣ ወሩ ሲያልቅ ግን የለም። አንድ የማዓም ነገር ደግሞ አለ። ኦሴክ ሙርሼ ከሆንክ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ማዓም 18 በመቶ ነው። ለ700 ሸቀል ሥራ 826 ይገባልሃል ማለት ነው። 126ቱ የመንግሥት ነው፤ በናፍጣና በጥገና ላይ የከፈልከውን ማዓም ቀንሰህ ቀሪውን ትመልሳለህ። ብዙ ልጆች የራሳቸው መስሏቸው ይበሉታል፣ ኋላ ዕዳው ከነቅጣቱ ይመጣል። አሁን እኔ ለማዓም የተለየ የባንክ ሒሳብ አለኝ፤ እንደ ሰው አደራ ነው የማየው።

ዋጋ ስትናገር ባዶህን እንደምትመለስ አድርገህ ተናገር። የመመለሻ ጭነት ካገኘህ እሰየው፣ ትርፍ ነው። ካላዋጣህ «አልችልም» በል። እኔን ያተረፈኝ ከቤቴ በቅርብ ርቀት ያሉ አራት ቋሚ ደንበኞች ናቸው እንጂ ሩቁ መንገድ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ትልቁ ቫን ራሱ ሁለት ሺህ ኪሎ አልፎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከ3,500ው የሚቀርህ 1,200 ወይም 1,300 ኪሎ ቢሆን ነው። በ2020 አንድ ደንበኛ ወደ ሙት ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ዕቃ አስጫነኝ። «አንድ ቶን ብቻ ነው» አለኝ። የመኪናው ጀርባ ሲጎነበስ አይቻለሁ፤ መካኒክ ነኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ደንበኛው እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዓራድ ወደ ታች ቁልቁለቱን ስጀምር የፍሬኑ ሽታ መጣ፣ ፔዳሉም እየለሰለሰ ሄደ። በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ፣ እግዚአብሔርን እየጠራሁ፣ ዳር አግኝቼ ቆምኩ። ሎጥ ነፍሱን ይዞ ከሸሸበት ከሶዶም አገር እኔ ለጥቂት መቶ ሸቀል ነፍሴን ይዤ ወረድኩ! ዕቃው ሲመዘን ቶን ከስድስት መቶ ሆኖ ተገኘ። ኦሪት ስለ እውነተኛ ሚዛን ያዘዘችው ለገበያ ነጋዴ ብቻ አይደለም። የላኪው ቃል ሚዛን አይደለም፤ በወረቀት ላይ ክብደቱ ካልተጻፈ አልጭንም። ፖሊስ ቢያቆምህ ቅጣቱ የአንተ ነው፣ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው አንተን ነው።

ሦስተኛው የደመወዝ ነገር ነው። አያቴ በጎንደር አውራጃ ቀጥቃጭ ነበር። አባቶቻችን ርስት ስለተከለከሉ በእጃቸው ሥራ ነበር የሚያድሩት፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸማ ሠርተው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው። አያቴ ማረሻውን ለገበሬው ሠርቶ ዋጋውን በመኸር በእህል ይቀበል ነበር ይሉኛል። ታዲያ እሱም «ሾቴፍ» ነበረ ማለት ነው! ልዩነቱ አያቴ የገበሬውን ቤት ያውቅ ነበር፤ አውድማው ላይም ሄዶ ይቆማል። እኔ ግን ሥራ የሚሰጠኝን ሰው መልክ አላውቀውም፤ በስልክ መልእክት ነው የምንገናኘው። «ሾቴፍ ሲደመር ስድሳ» ይሉሃል። በጃንዋሪ መጀመሪያ የሠራኸውን በአፕሪል መጀመሪያ ትቀበላለህ። ናፍጣው ግን ዛሬ ይከፈላል። ኦሪት የሠራተኛ ዋጋ ከአሠሪው ቤት እንዳያድር ታዛለች፤ እዚህ ሦስት ወር ያድራል።

በ2017 ለአቅራቢዎች ስለሚፈጸም ክፍያ ሕግ ወጥቷል። በግል ድርጅቶች መካከል የተለየ ስምምነት በጽሑፍ ከሌለ፣ ሐሽቦኒት የሰጠህበት ወር ካለቀ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው። ስለዚህ የምትፈርመውን አንብብ፤ ዕብራይስጡ ከከበደህ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ። ቫን ከመግዛትህ በፊትም ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ በእጅህ ይኑር። ፒካዶኑን ሙሉ ለመኪናው ሰጥቶ ለናፍጣ ከእናቱ የሚበደር ልጅ ሥራ የጀመረ እንዳይመስለው።

አራተኛው ደግሞ የሚያናድደኝ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ልጆቻችንን «ዓጽማኢ ሁን፣ ነፃ ትሆናለህ» ብለው ያስፈርማሉ። ከዚያ የእነሱን ሸሚዝ ያለብሱታል፣ የእነሱን ምልክት ቫኑ ላይ ይለጥፋሉ፣ የሚገባበትን ሰዓት ይወስናሉ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሠራም ይከለክሉታል። ታዲያ ይሄ ነፃነት ምኑ ላይ ነው? ሲታመም የሕመም ቀን የለውም፣ የዕረፍት ክፍያ የለውም፣ ሲያባርሩት ካሳ የለውም። ዓጽማኢ ሥራ ሲፈታ የሥራ አጥ ክፍያም አያገኝም። ከ2017 ጀምሮ ዓጽማኢ ለራሱ ፔንሲያ ማስገባት ግዴታው ነው፤ ኩባንያው ግን አንድ አጎራ አይጨምርለትም። የሥራ ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ዝም አትበሉ፤ ለማኅበረሰባችን የሕግ እርዳታ የሚሰጠው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት አለ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

«ታዲያ ለምን አንተ አልተውከውም?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የእኅቴ ባል ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ ሠርቶ ጀርባው ተጎዳ፤ ዛሬ በቫኑ የተሻለ ያገኛል፣ ማንም አይጮህበትም። እኔም ልጆቼን ከትምህርት ቤት የማመጣባቸው ቀኖች አሉ። ሥራውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሳያውቁ መግባትን ነው፣ እንዲሁም በእኛ ዘንድ ያለውን አንድ አመል ነው። ተቀጣሪ መሆንን እንደ ውርደት እናያለን። «ልጄ የራሱ አለቃ ነው» ማለት ይጣፍጠናል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንድ ዓመት ሳኺር ሆኖ በሰው መኪና ቢነዳ አታፍሩበት። በሰው ናፍጣ መንገዱን ይማራል፣ ደንበኛውን ይማራል፣ በየወሩም ትሉሽ ይዞ ይመጣል።

በጻባ አብሮኝ የነበረ አንድ ጓደኛዬ ብዙውን ሥራ ያለ ደረሰኝ ነበር የሚሠራው። ብልጥ የሆነ መሰለው። ከ2023 ኦክቶበር 7 በኋላ ሁላችንም ለሚሉኢም ተጠራን። ቫኖቻችን ቆሙ፣ የባንክ ክፍያው ግን አልቆመም። ቢቱዋሕ ሌኡሚ ለዓጽማኢ የሚሉኢም ክፍያ የሚያሰላው በተመዘገበው ገቢ ነው። የእሱ የተመዘገበ ገቢ ትንሽ ስለነበረ የደረሰውም ትንሽ ሆነ። ሲመለስ ቫኑን ሸጠ። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስብህም እንደዚሁ ነው፤ ከጉዳቱ በፊት በዓጽማኢነት ካልተመዘገብክ መብት የለህም። ፋይልህን በመጀመሪያው ቀን ክፈት፣ ሮኤ ሔሽቦን ያዝ። ለሱ የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጭም።

የመጨረሻው ሰንበት ነው። አስቸኳይ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚጮኸው ዓርብ ነው። በዲሴምበር አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ተደወለልኝ፤ ወደ ሰሜን፣ በእጥፍ ዋጋ። የብድሩ ቀን ደርሶ ነበር። ፀሐይ ቶሎ እንደምትጠልቅ አውቃለሁ፤ ብሄድ መመለሻዬ በሰንበት ይሆናል። ቁልፉን አንሥቼ በር ላይ ስደርስ እናቴ ዳቦውን እየጋገረች ቀና ብላ አየችኝ። «አያትህ ዓርብ ወናፉን ሲያወርድ የተጠየቀው ማረሻ ሁሉ አልቆ አልነበረም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ቁልፉን ሰቀልኩት። በዚያ ወር ለብድሩ ከወንድሜ ተበደርኩ፤ ያንን ደንበኛም አጣሁት። ውሸት አልነግራችሁም፣ በምትኩ ሰማይ ተከፍቶ ሌላ ደንበኛ አልወረደልኝም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለአዲስ ደንበኛ መጀመሪያ የምናገረው «ዓርብ እስከ ቀትር፣ ሰንበት የለም፣ ስግድም የለም» ብዬ ነው። አንዳንዱ ይሄዳል። የቀሩት አራቱ ግን ያንን ሰምተው የቀሩ ናቸው።

ለሕይወት የሚያስፈልግ መድኃኒት ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንደሚያልፍ ቄሶቹም ረቢዎቹም ይነግሩናል። የማሽን ቀበቶ ግን ነፍስ አይደለም። ለሁሉ ነገር «አስቸኳይ» የሚል ስም ሰጥተውት እንጂ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ «ታዲያ አትግዛ ነው የምትለኝ?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ፒካዶኑ ለአምስት ዓመት የትም አይሄድም። ዓመቱን ሳኺር ሆነህ ንዳ፤ በየቀኑ ኪሎ ሜትሩንና ሰዓቱን በደብተር ጻፍ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዘህ ና፤ ካዋጣህ እኔ ራሴ መኪናውን ከሥሩ ገብቼ አይልሃለሁ፣ ዓሬቭም እሆንልሃለሁ። እሺ ያለኝ ግማሽ ልቡን ነው። ሌላውን ግማሽ እናንተ ወላጆችና ታላላቆች አግዙኝ፤ ልጆቹን «መቼ ትገዛለህ?» እያላችሁ አታጣድፏቸው።

እትዬ፣ አንቺም ካነበበልሽ ሰው ሰምተሽ ከሆነ፣ ዕዳው ባለፈው ዓመት አልቋል። መኪናዋ አሁን የእኔ ናት። እልልታሽን አሁን ልስማው።

ቸር ያሰማን፣ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።