የቡና ነጋዴው የኢ-ሜይል ሳጥን ባለቤቱ ማነው?

ጅማ ላይ የቡና መጋዘን ያለው ነጋዴ ጥንቃቄው የታወቀ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ለማንም አይሰጥም፤ ሚዛን ላይ የሚያቆመውን ሰው ይመርጣል፤ ጆንያ ሲገባና ሲወጣ ያስቆጥራል፣ ያስፈርማል። ይኸው ነጋዴ ግን የገዢ ትእዛዝ፣ የናሙና ውጤትና የባንክ ሰነድ ወደሚገባበት የኢ-ሜይል ሳጥን ሲመጣ እጁ ይላላል። አንዱን የሚስጥር ቃል ጸሐፊዋም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ አዲስ አበባ ያለው ወኪልም፣ አጋሮ ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ኃላፊም ያውቁታል። በወረቀት ተጽፎ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚለጠፍበት ቢሮም አይጠፋም።

አንድ አድራሻ መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው። የውጭ ገዢ ድርጅቱን የሚያውቀው በአንድ አድራሻ ከሆነ፣ ሠራተኛ ቢለቅ ደንበኛ ይዞ አይሄድም። ጥፋቱ ሳጥኑ የሁሉም ሆኖ ኃላፊነቱ የማንም አለመሆኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከጭነት በፊት የተላከ ናሙና ጉዳይ ይወሰድ። ሐምቡርግ ያለው ገዢ «ናሙናው ተስማምቶናል፤ ጫኑ፤ የሚጫንበትንም ቀን አሳውቁን» ብሎ ይጽፋል። የጅማዋ ጸሐፊ ማለዳ ትከፍተዋለች፤ አዲስ አበባ ይመልሱታል ብላ ታልፈዋለች። የአዲስ አበባው ሠራተኛ ሲመጣ መልእክቱ የተነበበ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጅማ መልሰውታል ብሎ እሱም ያልፈዋል። ሦስት ቀን ያልፋል፣ መርከብ ያመልጣል፣ ገዢው ሌላ ላኪ ዘንድ ይሄዳል። ሰነፍ ሠራተኛ የለም፤ ሁለቱም ሥራቸው ላይ ነበሩ። በዚህ ላይ የጅማ ቡና የውጭ ሽያጭ ዋጋ ከኒው ዮርክ ገበያ ጋር ተያይዞ የሚወጣና የሚወርድ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የዓረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ እንደነበረ ነጋዴው አይዘነጋውም። በእንዲህ ያለ ገበያ የሦስት ቀን ዝምታ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ማስላት ለነጋዴ አይነገረውም።

ልማዱ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነበር። ያኔ መስመሩ በስልክ እየተደወለ የሚገኝ፣ በቆየ ቁጥር የሚያስከፍል ነበር። ስለዚህ «ፖፕ» የተባለው አሠራር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ ይደውላል፣ ደብዳቤውን በሙሉ ወደራሱ ይስባል፣ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል፣ ስልኩን ይዘጋል። ቢሮው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ሲኖረው ይህ ደህና ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ሳጥን በሦስትና በአራት ኮምፒዩተር በዚሁ አሠራር ቢከፈት፣ ቀድሞ የደረሰው ይወስዳል፤ የቀረው ባዶ ሳጥን ያያል። ጅማ የወረደ ውል አዲስ አበባ አይገኝም።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። «አይማፕ» የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማርክ ክሪስፒን የተነደፈ ነው። በዚህ አሠራር ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ የትኛውም ኮምፒዩተር ቢከፍተው የሚያየው ያንኑ ሳጥን ነው። የተነበበው፣ የተመለሰው፣ ምልክት የተደረገበት ለሁሉም እኩል ይታያል። መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቋረጥ ምን ይደረጋል ለሚል ደግሞ፣ የኢ-ሜይል ፕሮግራሙ የሳጥኑን ግልባጭ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው።

መዝገብ ቤት ያስተምራል

ይሁንና ቴክኒኩ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። የጎደለው ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም አገር ውስጥ አለ። ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አለው። ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ኃላፊው «ለእገሌ ይመራ» ብሎ ይጽፍበታል፤ የተመራለት ሰው ይጠየቅበታል። የኢ-ሜይል ሳጥንም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው በየማለዳው ይከፍታል፣ ለማን እንደሚመራ ምልክት ያደርጋል፤ መልስ የሰጠ ሰው ከመልሱ ግርጌ ስሙን ያስቀምጣል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ቁልፉም በየሰዉ መሆን አለበት። በክፍያ የሚሰጡት የድርጅት ኢ-ሜይሎች እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስምና የሚስጥር ቃል ገብቶ የጋራውን ሳጥን እንዲያነብ ያስችላሉ። በነጻ የሚገኘው ጂሜይል እንኳ የሳጥኑ ባለቤት የሚስጥር ቃሉን ሳይሰጥ ሌሎችን የሚወክልበት መንገድ አለው። ሠራተኛ ሲለቅ የሱ ቁልፍ ብቻ ይዘጋል።

ይህ የማያሳስበው ነጋዴ ሌባውን ያስብ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የኢ-ሜይል ሌባ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ አይሰርቅም፤ ይጠብቃል። ሻጭና ገዢ ስለ ክፍያ መጻጻፍ ሲጀምሩ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ በሻጩ ስም ይልካል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ.፣ በዚህ ዓይነት ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሣራ እንደተመዘገበ ሪፖርት አድርጓል። አምስት ሰው በሚያውቀው የሚስጥር ቃል ሌባው በማን በኩል እንደገባ እንኳ ማጣራት አይቻልም። ያኔ ቢሮው ውስጥ የሚጀመረው መጠራጠር ከጠፋው ገንዘብ ያላነሰ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢ-ሜይል ብቻ አይታመን፤ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ተደውሎ ይረጋገጥ።

«ሁሉም ነገር በቴሌግራም ያልቃል» የሚሉ አሉ። በጅማና በሊሙ ገነት መካከል የእሸት ቡና ዋጋ ለመጠያየቅ ቴሌግራም ይበቃል። የውጭ ገዢና ባንኩ ግን ውልና የጭነት ሰነድ የሚልኩት በኢ-ሜይል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዳለው ደንግጓል። ክርክር ቢነሳ የጠፋው ኢ-ሜይል የጠፋ ማስረጃ ነው።

ነገሩ ዛሬ የከበደበትም ምክንያት አለ። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ የጅማ አቅራቢ ቡናውን መጋዘን አስረክቦ ይለያይ ነበር፤ ከውጭ ገዢ ጋር የሚጻጻፍበት ጉዳይ አልነበረውም። በቀጥታ ይልኩ የነበሩት በዩኒየኖቻቸው በኩል የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ፤ በአጋሮ አካባቢ ያሉት ዱሮሚናና ናኖ ጫላ በውጭ ገዢ ዘንድ በስማቸው የታወቁት በዚህ መንገድ ነው። የ2009ኙ የቡና አዋጅ ቁጥር 1051 አቅራቢና ላኪ በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በር ከፈተ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብም፣ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ መረጃ ከጌራና ከጎማ ገበሬ ማሳ ተነስቶ፣ በጅማና በአዲስ አበባ አልፎ ገዢው ዘንድ የሚደርሰው በኮምፒዩተር ነው።

እንግዲህ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ስሙ ይታወቃል። የኢ-ሜይል ሳጥኑን ዛሬ ጠዋት የከፈተውስ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ወዲያው መመለስ የማይችል የቡና ድርጅት፣ መኸሩ ሳይገባ ቢያስብበት ይሻለዋል።