የተሰወረ ሕመምና የልብስ ንጽሕና



በቤተ ሰብ መካከል ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጉንፋንና ስለ ሆድ ቁርጠት ማንም ሳያፍር ይናገራል። አንዱ ዝንጅብል ይፈላለት ሲል ሌላው ሐኪም ቤት ይሂድ ይላል፤ የታመመውም ሰው በዘመዶቹ ምክር ይጽናናል። እናቶችና ልጃገረዶች ግን ብቻቸውን የሚሸከሙት፣ ለእኅት እንኳ የማይነግሩት አንድ ሕመም አለ። ይኸውም በሴት ብልት ላይና በውስጡ የሚነሣው የማሳከክና የማቃጠል ሕመም ነው። ሐኪሞች የሚያመጣውን ነገር ካንዲዳ ይሉታል፤ በአገራችን ብዙ ሰው «ፈንገስ» ብሎ ይጠራዋል።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለም። ሆኖም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀውን ነገር ቤተ ሰብ በሚረዳው ቋንቋ ማቅረብ የመምህር ሥራ ነውና፣ ዛሬ ስለዚህ ሕመም፣ ይልቁንም በልብስና በዕለት ልማድ ስለሚደረገው ጥንቃቄ እንነጋገራለን። አባቶችና ባሎችም ነገሩ የሴቶች ብቻ ነው ብለው ገጹን እንዳይገለብጡት እንለምናለን፤ የእነርሱም ድርሻ ትንሽ አይደለምና።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ካንዲዳ በዓይን የማይታይ የእርሾ ወገን ነው። ሊጥ የሚያቦካው እርሾ የሩቅ ዘመዱ ነው ብንል አንሳሳትም። በጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና ብልት ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል፤ ጥቂት ሆኖ ሲኖርም ጉዳት አያደርስም። ከእርሱ ጋር በብልት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። አልበርት ዶደርላይን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1892 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ስለ እነርሱ ጽፏል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እርጎን ከሚያኰመጥጠው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ለስፍራው እንደ አጥር ሆኖ ብዙ ጎጂ ተሕዋስያንን ይከለክላል። ይህ ሚዛን ሲናጋ ካንዲዳው ይበዛል፤ ሲበዛም ያሳክካል፤ ያቃጥላል።

እንጀራ የምትጋግር እናት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ሊጥ በቆላ ፈጥኖ ይቦካል፤ በደጋ ግን ይዘገያል። እርሾ ሙቀትንና እርጥበትን ይወዳልና። በሰው ገላ ላይ የሚኖረውም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ስለ ልብስ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሣ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልን።

የሕመሙ ምልክቶች ብርቱ ማሳከክ፣ የስፍራው መቅላትና ማበጥ፣ ሽንት ሲነካው ማቃጠል፣ በሩካቤ ጊዜ መታመም፣ እንዲሁም እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ፈሳሽ ናቸው። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ሽታ የለውም። ቀጭንና ግራጫ ሆኖ እንደ ዓሣ የሚሸት፣ ወይም ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አረፋማ ፈሳሽ የታየ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። የማያሳክክና የማይሸት ጥቂት ነጣ ያለ ወይም ጥሩ ፈሳሽ ደግሞ የተፈጥሮ እንጂ የሕመም አይደለም። ይህን እናት ለልጅዋ በጊዜው ብትነግራት፣ ልጅቱ ከብዙ ከንቱ ፍርሃት ትድናለች።

ስለ ሐሜትና ስለ ጥርጣሬ

ከሕመሙ ይልቅ ብዙ ቤት የሚጎዳው በሕመሙ ላይ የሚወራው ነገር ነው። «ይህ ከዝሙት የሚመጣ ነው» የሚል ሐሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ አለ። በዚህም ምክንያት ባል ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ሚስት ባልዋን ትጠረጥራለች፤ ልጃገረድ ደግሞ ስሜ ይጠፋል ብላ እየተሠቃየች ዝም ትላለች። ሐኪሞች ግን ይህን ሕመም በሩካቤ ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል አይቈጥሩትም። ድንግል ልጃገረድን ይይዛል፤ መነኵሲትን ይይዛል፤ በቃል ኪዳንዋ የጸናች ሚስትንም ይይዛል። ከ4 ሴቶች መካከል 3ቱ ያህል በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚያገኛቸው ይገመታል። እንግዲህ ይህን ያህል የተለመደውን ነገር የነውር ምልክት ማድረግ ከእውነት መራቅ ነው፤ በንጹሕ ሰው ላይም መፍረድ ነው።

ስለ ልብስ

በብዙ ቤት የቤተ ሰቡ ልብስ ሁሉ በግቢው ገመድ ላይ ይሰጣል፤ የሴቶች የውስጥ ሱሪ ግን ከአልጋ በታች፣ ከበር ኋላ ወይም ከፎጣ ሥር ተደብቆ ይንጠለጠላል። በክረምትም ሳይደርቅ ይለበሳል። ዕፍረቱ ከመልካም አስተዳደግ የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ጨዋነት እርጥብ ልብስ ልበሱ አይልም። ስለዚህ አባወራው በጓሮ በኩል ወይም በበረንዳው ጥግ አንድ ገመድ ለብቻው ይዘርጋላቸው። ዓይን እንዳያርፍበት ከተፈለገ ስስ ሻሽ ጣል ቢደረግበት አየሩም ብርሃኑም ያልፋል። ፀሐይ በጠፋ ጊዜም በካውያ ማድረቅ ይቻላል። ዋናው ነገር ልብሱ ሲለበስ ፈጽሞ የደረቀ መሆኑ ነው።

የውስጥ ሱሪ ከጥጥ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብን ይመጣል፤ አየርም ያሳልፋል። ናይለንና እርሱን የመሰለ ጨርቅ ግን ሙቀትንና ላብን ይዞ ያቈያል። ለጌጥ ናይለን የምትለብስ እንኳ ቢያንስ ገላዋን የሚነካው ክፍል ጥጥ መሆኑን ትመልከት። ጠባብ ጂንስ፣ ከገላ ጋር የሚጣበቅ ታይትና ወገብ ድረስ የሚወጣ ስቶኪንግ ቀኑን ሙሉ ሲለበሱ እንደዚሁ ያፍናሉ። ሰፋ ያለ ቀሚስ ወይም ሱሪ ይሻላል፤ ጠባቡ ግድ ከሆነም ቤት እንደ ገቡ መለወጥ ነው። ሌሊትም ያለ ውስጥ ሱሪ፣ ሰፊ የሌሊት ልብስ ብቻ ለብሶ መተኛት ለገላ ዕረፍት ይሰጠዋል።

በላብ የራሰ የስፖርት ልብስና ከዋና በኋላ እርጥብ የሆነ ልብስ ሳይውሉ ሳያድሩ መለወጥ አለባቸው። የውስጥ ሱሪ በየቀኑ ይለወጥ፤ ላብ ሲበዛም በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። በሚታጠብበትም ጊዜ የሳሙናው ዱቄትና በረኪናው እስኪለቅ ድረስ በብዙ ውኃ ይለቅለቅ፤ የቀረው ሳሙና ስስ የሆነውን ገላ ያስቈጣልና።

ስለ ዕለት ልማድ

ብዙ ሴቶች ማሳከኩ ሲጀምር ያልታጠቡ መስሏቸው እየደጋገሙ በሽቶ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ውስጡንም ሳይቀር ያጥባሉ። ይህ ከንጽሕና ፍቅር የመጣ ስሕተት ነው። ብልት ውስጡን ራሱ ያጠራል፤ ውኃና ሳሙና ወደ ውስጥ ሲገባ ከላይ የጠቀስናቸው ጠባቂዎች ይታጠባሉ፤ አጥሩም ይፈርሳል። የውጪውን ክፍል በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ መታጠብና በለስላሳ ፎጣ ቀስ ብሎ ማድረቅ ይበቃል። ሽቶ፣ ዶደራንትና ሽታ ያለው ወረቀት ወደዚያ ስፍራ አይቅረብ።

ከመጸዳጃ ቤት በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ ይገባል፤ እናቶች ይህን ሴት ልጆቻቸውን ከትንሽነታቸው ያስለምዱ። በወር አበባ ጊዜ ሞዴስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢለወጥ መልካም ነው፤ ሽታ የሌለው ዓይነትም ይመረጥ። ጨርቅ የምትጠቀም ደግሞ እርሱንም በሚገባ አጥባ በፀሐይ ታድርቀው። ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ውኃና የሚዘጋ በር ከሌላቸው ይህ ሁሉ ምክር በከንቱ ይቀራል፤ የወላጆች ኮሚቴም ይህን ጕዳይ ሳያፍር ሊያነሣው ይገባል።

ነጭ ሽንኵርት፣ ሎሚ፣ ጨው ወይም ሌላ የቤት ቅመም በብልት ውስጥ ማድረግ የቈሰለውን ማቃጠል እንጂ ሕክምና አይደለም። ስፍራው በተቈጣ ጊዜ ወይባ መሞቅም ሙቀትንና ጢስን ይጨምርበታል እንጂ አያበርደውም፤ እስኪድን ድረስ ይቅር።

ልብስ የማይከለክለው ምክንያት

ይህን ሁሉ እየጠበቀች የምትታመም ሴት አለች። እርስዋን «ንጽሕና ስለማትጠብቂ ነው» ማለት ግፍ ነው። ልብስና ልማድ ያግዛሉ እንጂ ሁሉን አይከለክሉም፤ የያዘውንም ሕመም አይፈውሱም። ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ ጎጂውን ሲገድሉ ጠባቂውንም ይገድላሉ፤ ካንዲዳን ግን አይነኩትም፤ እርሱም ባዶ ቤት አግኝቶ ይስፋፋል። ስለዚህ የሚያሳክክ ሁሉ «ኢንፌክሽን» ነው ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እነዚህን ገዝቶ መዋጥ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ሁለተኛው እርግዝና ነው። ሦስተኛው በሚገባ ያልተያዘ የስኳር ሕመም ነው፤ አራተኛው የሰውነትን መከላከያ የሚያደክሙ በሽታዎችና መድኃኒቶች ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የተመላለሰባት ሴት ደምዋን ተመርምራ ምክንያቱን ማወቅ ይገባታል፤ የስኳር ሕመም አንዳንድ ጊዜ የሚገለጠው በዚህ ነውና።

ስለ ሕክምናው

መድኃኒቱ የታወቀና የማይከብድ ነው። ኤልዛቤት ሄዝንና ራሔል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ከአፈር ባገኙት ጥቃቅን ፍጥረት ኒስታቲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት አውጥተው በ1950 አስታወቁ። ስሙንም ከሚሠሩበት ከኒውዮርክ ግዛት ስም ወሰዱት። ዛሬ ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት ክሎትሪማዞል የተባለውን ቅባትና በብልት ውስጥ የሚደረግ ክኒን፣ ወይም 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። ነፍሰ ጡር ግን የሚዋጠውን በራስዋ ፈቃድ አትውሰድ፤ ለእርስዋ የሚስማማው ለ7 ቀን የሚደረገው የውጪ መድኃኒት ስለ ሆነ ለሐኪምዋ ትንገር። ማሳከኩ ተወ ብሎ የታዘዘውን ቀን ሳይጨርሱ ማቋረጥም አይገባም።

ባልየው ምንም የማይሰማው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ መቅላትና ማሳከክ ከታየበት ግን እርሱም ይታይ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመች፣ ትኵሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ያለባት፣ ከወር አበባ ውጪ ደም ያየች፣ ወይም በመድኃኒቱ ያልተሻላት ሁሉ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የወር አበባ ያልጀመረች ትንሽ ልጅ ስታሳክክ ደግሞ ፈንገስ ነው ብሎ መገመት አይገባም፤ በዚያ ዕድሜ እምብዛም አያጋጥምምና ሐኪም ምክንያቱን ይፈልግ።

እንግዲህ ክቡራት እናቶች፤ ለሴቶች ልጆቻችሁ ይህን ነገር ቡና እንደምታስተምሩአቸው፣ ሊጥ እንደምታስቦኩአቸው፣ ረጋ ብላችሁ አስተምሩአቸው። አፍራ የመጣችውን «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ በጥርጣሬ አትቀበሉአት፤ «እኔም አውቀዋለሁ፣ መድኃኒት አለው» በሉአት። ክቡራን አባቶችም፤ ሚስታችሁ ወይም ልጃችሁ ሐኪም ቤት ልሂድ ስትል ምክንያቱን እንድትዘረዝርላችሁ ሳታስጨንቁአት የመሄጃውን ስጡአት፤ ብትወድድም አብራችኋት ሂዱ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ የሸሸገው ሰው እንዳይሸሽግ የሚያደርገው ግን የቤቱ ሰው አቀባበል ነው።