ከጠመንጃው በፊት ወረቀቱ ይነበብ

ወገን ገበሬዎች!

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ጠመንጃ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ውጅግራ ይዘው ኖረዋል። ውጅግራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። አንድ ጎራሽ ነው። አንድ ጥይት ይተኩሳሉ፤ ቀለሁን ያወጣሉ፤ ሌላ ያጎርሳሉ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው።

ዛሬም «ዝንጀሮና ከርከሮ እህሌን ጨረሰብኝ፤ አንድ ጎራሽ ብገዛ ምናለበት?» የሚል ገበሬ አለ። ችግሩ እውነት ነው። ዓመት የተለፋበት ማሳ በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ማን ዝም ይላል? ቢሆንም ሣሩን አይቶ ገደሉን መርሳት አይገባም።

አንደኛ፣ ሕግ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝን ይከለክላል። አንድ ጎራሽም ሆነ ብዙ ጎራሽ፣ ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። «የአባቴ ውርስ ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም። «ጎረቤቴ ሸጠልኝ» ማለትም አያድንም።

ሁለተኛ፣ ብረቱን እዩ። አፈሙዙ ውስጡ የዛገ፣ መዝጊያው የላላ አሮጌ ጠመንጃ ጠላት ነው። ልኩ ያልሆነ ጥይት ካጎረሱት በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ርካሽ ነው ተብሎ ዓይንና እጅ አይሸጥም።

ሦስተኛ፣ የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። አደን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የራሱ ፈቃድ አለው። አጠገባችን ያለው ደንቆሮ ጫካ ደግሞ የብሔራዊ ፓርክ ክልል ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በአገራችንም የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። እህላችንን የሚበላውን አይጥ የሚበላልንን መግደል ምን ይባላል?

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ የምለው፣ መጀመሪያ በጋራ መጠበቅ ይሞከር። ማሳው የተጎራበተ ሁሉ ተራ ይግባ። ማማ ይሠራ፤ ወንጭፍና ውሻ ይዘጋጅ። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ አይችለውም፤ ዐሥር ሰው በተራ ግን ይችለዋል። ጥይትም አይገዛበትም፤ ደምም አይፈስበትም። ለከርከሮ የተገዛ ጠመንጃ በድንበር ጠብ ቀን ወደ ወንድም ሲዞር አይተናል። ሽማግሌ ደም ያስታርቃል እንጂ የሞተ አያስነሣም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ጠመንጃ መያዝ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ግን በስማ በለው አይሂድ። ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ወረቀቱን ራሱ ያንብብ። ስሙ በትክክል ተጽፏል? በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው? አንዲት ቁጥር ብትለይ ወረቀቱ የሌላ ጠመንጃ ወረቀት ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ገበሬ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነበር። ምን ላይ እንደ ፈረመ የሚነግረው ሌላ ሰው ነበር። ፊደል የቆጠረ ገበሬ ግን በሰው ዓይን አያይም። ሳያነብ አይፈርም፤ ሳያነብ አይገዛም።